የኦቦ ገለታ ስድስት ጎራሽ ለምን ፈነዳ

ማክሰኞ፣ ንጋት 11፡40፤ አስኮ

አስኮ መናኸሪያ ስደርስ ሰማዩ ገና አልቀላም። ብርዱ አጥንት ይገባል። የአምቦ፣ የጌዶና የነቀምት ተሳፋሪ በየመኪናው ደጃፍ ተኮልኩሏል፤ ጋቢ የተከናነበ፣ ፍራሽ የጠቀለለ፣ የዘይት ጀሪካን ያቀፈ። ከአምቦ ሚኒባሶች በአንዱ ከሾፌሩ ጎን ቦታ አገኘሁ። ሾፌሩ ወፍራም ሹራብ የደረበ፣ ዕድሜው አርባ የሚሆን የጊንጪ ሰው ነው። ሞተሩን እያሞቀ መጨረሻዬ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። እጃጂ መሆኑን ስነግረው ፊቴን አየት አደረገና «ለቅሶ ነው?» አለኝ። አይደለም፣ ወዳጅ ልጠይቅ ነው አልኩት።

በዚህ ዓምድ ስለ መንገድ ስጽፍ የቆየሁ ሰው ነኝ። አንባቢ የሚያውቀኝ በምግብ ቤት፣ በሆቴልና በሰው ጨዋታ ነው። ይህን ጉዞ ግን ልጽፈው አስቤ አልተነሳሁም። ከመንገድ ከተመለስኩ በኋላ ነው መጻፍ እንዳለብኝ የገባኝ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሳምንት በስልክ ነው። የደወለችልኝ ሌንሴ ናት። ሌንሴ የወዳጄ የኦቦ ገለታ ልጅ ስትሆን ጌዶ ላይ ታስተምራለች። አባቷ ከአያቱ የወረሰው አንድ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለው፤ ከሰባት ዓመት በፊት እጁ ላይ የፈነዳ። አሁን የወረዳው ባህል ቢሮ ሰዎች የጥንት ዕቃ የሚያሳዩበት አንድ ክፍል አዘጋጅተው ሽጉጡን እንዲሰጣቸው ጠይቀውታል። ከዕቃው ጋር ታሪኩ ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ ማን እንዳመጣው፣ ምን እንደተሠራበት፣ እንዴት እንደተሰበረ። «አባዬ የሽጉጡን አጥንት የሚያውቀው ባርሲሳ ነው፣ እሱ መጥቶ ይጻፍልኝ ብሏል» አለችኝ። ባርሲሳ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ አምቦ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠራኝ በእሱ ነው።

እመጣለሁ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ሽጉጡ እንዴት እንደተሰበረ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ነኝ። ኦቦ ገለታ ራሱ አያውቅም።

ጠዋት 2፡30፤ ጊንጪ

ቡራዩን፣ መናገሻን፣ ሆለታን አልፈናል። አዲስ ዓለም መውጫ ላይ ኬላ አለ። ወርደን መታወቂያ አሳየን፤ ቦርሳችን ተከፈተ። ፈታሹ የእኔን ቦርሳ ሲበረብር ማስታወሻ ደብተር፣ መነጽርና ለአዴ ጫልቱ፣ ለገለታ ባለቤት፣ የያዝኩትን ሻይ ቅጠልና ነጠላ አገኘ። «አስተማሪ ነዎት?» አለኝና መልሶ ዘጋው። ነበርኩ አልኩት።

ከአዲስ ዓለም እስከ ጊንጪ ድረስ መንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ አገር ነው። አዝመራው ተሰብስቦ ክምሩ በየማሳው ቆሟል። በአንዳንዱ አውድማ በሬዎች ይዞራሉ፤ ገለባው በጠዋት ፀሐይ ወርቅ መስሎ ይበናል። ጊንጪ ላይ ሾፌሩ ቁርስ እንብላ ብሎ አቆመ። ጾም ስለሆነ ጨጨብሳዬን በዘይት አድርገው ሠሩልኝ፤ ከሻይ ጋር አንድ መቶ ሃያ ብር። ሾፌሩ አጠገቤ ተቀምጦ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ይበላል።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ስለ ኢላማ ተኩስ አነሳሁበት። እኛ አምቦ ላይ ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌ ሽጉጥ ቅል እየሰቀልን ኢላማ እንመታ እንደነበር ነገርኩት። ፈገግ አለ። እሱም አጎቱ ሠርግ ላይ ሲተኩስ ጆሮውን ይዞ ይስቅ እንደነበር አጫወተኝ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። በእነዚያ ክፉ ዓመታት አንድ ቀን ሜዳ ላይ ጎማ ፈነዳበት። ተሳፋሪው በሙሉ ወንበር ሥር ገባ። አንዲት እናት ልጇ ላይ ተኝታ አልነሳም ብላ፣ ጎማውን ቀይሮ ሞተር እስኪያስነሳ ድረስ እንደዚያው ቆየች። «ከዚያ ወዲህ ተኩስ የሚባል ጨዋታ አይመስለኝም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ረፋድ 4፡00፤ አምቦ

አምቦ ስገባ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚታየኝ ድንጋዩ ነው። ቀላ ያለው፣ በመጥረቢያ እንደ እንጨት የሚጠረበው የአምቦ ድንጋይ፤ በአጥሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በባንኩ ግድግዳ ላይ። እዚህ ተወልጄ አድጌያለሁ። አያቴ ከቡልጋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። በከተማው ሃያ ዓመት ያህል የብረታ ብረት ሥራ አስተምሬያለሁ። ጓዜን ጠቅልዬ የወጣሁት ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ ለሰው የልጆቼን ትምህርት ምክንያት ሰጥቼ።

የጌዶ መኪና እስኪሞላ ጊዜ ነበረኝ። ባጃጅ ይዤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው አሮጌ የድንጋይ ካባ ሄድኩ። ካባው ሥራ ካቆመ ቆይቷል። ተቆርጦ የቀረው የድንጋይ ገደል እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሥሩ ሣር በቅሎበታል፣ ሁለት ጊደሮች ይግጣሉ። ቦታችን ይህ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የኦቦ ገለታ ሽጉጥ እንደ ዛሬ ሽጉጥ የተዘጋጀ ጥይት አይጎርስም። ስድስት ጉድጓድ ያለው የሚሽከረከር ከበሮ አለው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ባሩድ ትሞላለህ፣ በላዩ ድቡልቡል የእርሳስ አረር ትጠቀጥቃለህ፣ በስተኋላ እሳት የምትጭር እንደ ምስር የምታህል የመዳብ ቆብ ታለብሳለህ። ስድስቱን ለመሙላት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ለመተኮስ ደግሞ ትንፋሽ አይሞላም። ፈቃድ ያለው ንብረት ነበር፤ ቀበሌውም ቅዳሜ ከሰዓት ካባው ላይ እንደምንሰበሰብ ያውቃል። አንድ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት አስተማሪዎች፣ አንድ ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ገለታና እኔ። ገለታ ያኔ በከተማው ጤና ጣቢያ የጤና ረዳት ነበር፤ ሕፃናት የሚከትብ።

ደስታው ከመምታቱ ይልቅ ከዝግታው ነበር። የጥቁር ባሩድ ድምፅ አይሰነጥቅም፤ «ዱም» ብሎ ደረት ላይ ያርፋል። ነጭ ጢስ ይሸፍንሃል፣ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ይመጣል፣ ጢሱ እስኪገለጥ ድረስ መምታት አለመምታትህን አታውቅም። ስድስታችንም በዚያ ጢስ ውስጥ ዝም ብለን እንጠብቃለን። ከተኩሱ በኋላ ሽጉጡ በፈላ ውሃ ይታጠባል። ገለታ እንደ ሕፃን ነበር የሚያጥበው።

ባሩዱን የምናገኘው ከካባው ነበር። ኦቦ በዳዳ የሚባሉ ሽማግሌ ለድንጋይ መሰንጠቂያ የሚቀምሙት ነበር፤ ለእኛም ለይተው ያስቀምጡልናል። እሳቸው ሲሞቱ ባሩዱም ሙያውም አብሮ ሞተ። ለሁለት ወር ሽጉጡ ሥራ ፈታ። አንድ ቅዳሜ እኔ ተነስቼ አዲስ አበባ ስሄድ ምትክ ባሩድ ፈልጌ አመጣለሁ ብዬ ለሁሉም ቃል ገባሁ። አንድ የማውቀው ሰው በብልቃጥ ሰጠኝ። ለአሮጌ መሣሪያ የሚሆን ነው፣ እንዲያውም ጢስ የለውም አለኝ።

ማታውን ቤቴ ትንሽ ቆንጥሬ ሰሐን ላይ ለኮስኩት። ጥቁር ባሩድ ስትለኩሰው ፉት ብሎ ነጭ ጢስ ይተፋል፣ ሰሐኑን ያጠቁራል። ይሄኛው በቢጫ ነበልባል ዝም ብሎ ነደደ፤ ሰሐኑ ንጹሕ ቀረ። የብረት አስተማሪ ነኝ። የዛሬ ባሩድ በአሮጌ ብረት ውስጥ ምን ዓይነት ግፊት እንደሚፈጥር አውቃለሁ። ሰሐኑን አጠብኩና ተኛሁ።

በማግስቱ ሰው ከወትሮው በዝቶ ተሰብስቦ ነበር፤ አንዳንዱ ሚስቱን ይዞ መጥቷል። ገለታ ብልቃጡን ተቀብሎ በብርሃን አየውና «ባርሲሳ፣ ልክ ነው?» አለኝ። ሁሉም ያየኛል። «ልክ ነው» አልኩት፤ «ከድሮው ጋር አንድ ነው።» እሱ ከልብስ ሰፊው ጋር እየተጫወተ ሞላ። አንደኛው ወጣ፤ ጢሱ ማነሱን ሁሉም የአዲስ አበባ ባሩድ ጥሩነት ነው ብሎ አለፈው። ሁለተኛው ወጣ። በሦስተኛው ከበሮው ተሰነጠቀ። የቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እዚያው ቀሩ።

ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ለጠየቀው ሁሉ ሲናገር አጠገቡ ቆሜ ነበር። «ወሬ ይዤ አንዱን ጉድጓድ ሁለቴ ሞልቼዋለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይል ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ያ ነገ ሰባት ዓመት ሆነ።

ካባው ላይ ብዙ አልቆየሁም። የባጃጁ ሾፌር ምን ጠፍቶኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት።

ከሰዓት 7፡15፤ ጌዶ

ከአምቦ ጉደር ቅርብ ነው፤ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ መንገዱ ዳገት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ እስከ ጌዶ ድረስ መውጣትና መታጠፍ ነው። ጌዶ ብርዳም ናት፤ በቀትር እንኳ ሰው ጃኬት አያወልቅም። የገበያ ቀን ሆኖ ከብት መንገዱን ሞልቶት ነበርና መኪናችን በእግር ሰው ፍጥነት ገባች።

ሌንሴ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀችኝ። ትቻት ስሄድ ተማሪ ነበረች፤ አሁን መነጽር ያደረገች፣ ኮስታራ መምህርት ሆናለች። «ባጋ ናጋን ዱፍተኒ፣ ባርሲሳ» ብላ እንኳን ደህና መጡ አለችኝና ቦርሳዬን ነጠቀችኝ። ምሳ ልትጋብዘኝ ወደ አንድ ትንሽ ቤት ወሰደችኝ። ሽሮ አዘዘችልኝ፤ እሷ ጴንጤ ናት፣ ጾሜን ግን አልረሳችውም።

እየበላን ስለ አባቷ ነገረችኝ። ከአደጋው በኋላ ሥራውን ለቆ ወደ ትውልድ ከተማው እጃጂ መግባቱን አውቅ ነበር። የማላውቀውን ነው ያጫወተችኝ። የእጃጂ ጤና ጣቢያ ሰዎች ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ግራ እጁ ደህና ነውና በክትባት እንዲያግዛቸው ለምነውታል። ግራ እጁን አለማምዶታል፤ ይጽፍበታል፣ ሚስማር ይመታበታል። ሁለቱንም ጊዜ እንቢ አለ። ለምን እንደሆነ ለእነሱ አልነገራቸውም። ለእሷ ግን አንድ ቀን ነግሯታል። «አንዴ መሙላት ያለበትን ሁለቴ የሞላ ሰው የሕፃን መድኃኒት መያዝ የለበትም አለኝ» አለች።

የያዝኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩ። ውሃ ጠጣሁ። እሷ ስለ ትምህርት ቤቷ ማውራት ቀጠለች።

ከሰዓት 9፡30፤ እጃጂ

ከጌዶ ቁልቁል ሲወርዱ አየሩ ይለወጣል። ጃኬት ይወልቃል፤ በቆሎና ማንጎ ይመጣል። እጃጂ መንገድ ዳር የተዘረጋች ከተማ ናት፤ የእህል መጋዘን፣ የቆርቆሮ ሱቅ፣ ከባድ መኪና የሚታጠብበት ቦታ። የኦቦ ገለታ ቤት ከዋናው መንገድ አሥር ደቂቃ ያህል ወደ ውስጥ ነው።

በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ጠጉሩ ሸብቷል እንጂ ትከሻው ያው ነው። ሳቅ እያለ ግራ እጁን ዘረጋልኝ፤ ቀኙን ኪሱ ውስጥ አድርጎታል። ስለ መንገዱ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ ልብስ ሰፊው ጠየቀኝ። አዴ ጫልቱ አቅፋ ሳመችኝ። ነጠላውን ስሰጣት ምን አደከመዎት ብላ ተቆጣችኝ።

ሻይ ከጠጣን በኋላ ገለታ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የማንጎ ዛፍ ሥር ወሰደኝ። ሁለት በርጩማና በጨርቅ የተጠቀለለ ሳጥን አስቀምጧል። ሽጉጡን አወጣው። ዘይት ተቀብቷል። ከበሮው በአንድ ጎኑ እንደ በቆሎ ልባስ ተገልጧል። «ደብተርህን አውጣ» አለኝ፤ «አያቴ እንዴት እንዳመጣው እነግርሃለሁ። ስለ መሰበሩ ያው የምታውቀውን ጻፍ። ሁለቴ ሞልቶት ፈነዳ በል። ሌላው ሰው እንዲጠነቀቅ።»

ደብተሩን አላወጣሁም።

«ኦቦ ገለታ፣ ሁለቴ አልሞላህም» አልኩት።

አየኝ።

«ባሩዱ ነው። ጥቁር ባሩድ አልነበረም። አውቅ ነበር።»

አንድ ከባድ መኪና በዋናው መንገድ ላይ ሲያልፍ ይሰማል። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «መቼ ነው ያወቅኸው?» አለኝ።

«ከመሙላትህ በፊት። ማታውን ቤቴ ለኩሼ አይቼዋለሁ። ቃል ገብቼ ነበር፣ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ትንሽ ቢሆን ምንም አይለውም አልኩ።»

«ከመሙላቴ በፊት» አለ። በኦሮምኛ ለራሱ አንድ ነገር ጨመረ። ሰምቼዋለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና እንደ ሌላ ሰው እጅ ተመለከተው።

«የሄዱት ጣቶች ብዙም አላስለቀሱኝም» አለ በመጨረሻ። «የቀሩትን ነው ያላመንኳቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ እጄን ስጠረጥር ኖርኩ፣ ባርሲሳ። ለጫልቱ የራስ ምታት ክኒን እንኳ ቆጥሬ ስሰጥ ሌንሴ ትቁጠርልኝ እል ነበር።»

ከበርጩማው ወርጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በግራ እጁ ትከሻዬን ያዘኝ። አያያዙ የወዳጅ አልነበረም፤ ጠንካራ ነበር።

«ይቅርታ አሁን አትጠይቀኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፤ ብትጠይቀኝ እሺ ማለቴ አይቀርም። እሺታዬ ውሸት ይሆናል። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ሽጉጡን በጨርቁ ጠቀለለው። ሲጠቀልለው ድሮም ቸኩሎ አያውቅም፤ ዛሬ በአንድ እጅም አልቸኮለም። ሲጨርስ ተነሳና «ለጫልቱና ለሌንሴ አንተው ንገራቸው። እኔ አልነግርልህም» ብሎኝ ወደ ማሳው ሄደ።

ነገርኳቸው። አዴ ጫልቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ለእኔ የሚሠራ ምስር ትለቅም ነበር። እስክጨርስ እጇ መልቀሙን አላቋረጠም። ከዚያ ሰፌዱን አስቀመጠችና፣ ባሏ በየጸሎቱ ስለ እጁ ጥንቃቄ ማጣት ንስሐ ሲገባ እሷም አብራው አሜን ስትል እንደኖረች ነገረችኝ። ይህን ስትናገር አልጮኸችም። ሌንሴ መነጽሯን አውልቃ ከግቢው ወጣች።

ገለታ ሲመሽ ተመለሰ። ራት ቀረበ፤ ምስሩ ተሠርቷል። ገለታ እንደ ልማዱ ቆሞ ጸለየ፤ ጸሎቱ አጭር ነበር። አልጋ ተነጠፈልኝ። አንዳቸውም ከቤታችን ውጣ አላሉኝም፤ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00፤ እዚያው እጃጂ

ጠዋት «ናጋ ቡልተኒ?» ተባብለን ሰላም ተለዋውጠን ሻይ ጠጣን። ገለታ ሳጥኑን በብብቱ ይዞ ቀደመ። እኔና ሌንሴ ተከተልነው። የባህል ቢሮው መንገድ ዳር ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ዕቃ ማሳያው ክፍል ውስጥ ኮርቻ፣ ሁለት ጋሻ፣ የእንጨት ገበታና የቀንድ ዋንጫ ተደርድሯል። ዕቃ ተረካቢው ወጣት ሠራተኛ ነው፤ በጨዋነት ወንበር ሰጠን። የሽጉጡ ታሪክ በኦሮምኛ መጻፍ አለበት አለን፤ የሚለጠፈው በኦሮምኛ ነው።

ኦሮምኛ ከልጅነቴ ጀምሮ እናገራለሁ። በቁቤ መጻፍ ግን አልችልበትም። ገለታ ሌንሴን አያት። እሷም እስክሪብቶ አወጣች።

እኔ እየተናገርኩ እሷ ጻፈች። የገለታ አያት ሽጉጡን እንዴት እንዳመጡት፤ ይህን ገለታ ራሱ አረመኝ። ካባው ላይ በኢላማ መምቻነት ስንት ዓመት እንዳገለገለ። ስለ ኦቦ በዳዳ ባሩድ። ከዚያ ወደ መሰበሩ ደረስን። ምትክ ተብሎ የመጣው ባሩድ ለዚህ መሣሪያ የማይሆን እንደነበር፣ ያመጣሁት እኔ መሆኔን፣ ገለታ የሞላው በትክክል መሆኑን ተናገርኩ። ሌንሴ እስክሪብቶዋን አነሳች። አላየችኝም፤ ወረቀቱን ነው የምታየው።

«ኦሶ ቤኩ ብዬ ልጻፈው?» አለች። እያወቀ ማለት ነው።

«አዎ። እያወቀ» አልኳት።

ጻፈችው።

ሠራተኛው ወረቀቱን አነበበ። ሲጨርስ ጉሮሮውን ጠረገና፣ የሚለጠፈው ጽሑፍ አጭር መሆን ስላለበት ስለ መሰበሩ ያለው ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያጥር እንደሚሻል በትሕትና ተናገረ። ምናልባት ለእኔ አዝኖ ይሆናል። ገለታ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው።

«ስለ አያቴ የተጻፈው ይጠር» አለ። «ይሄ ይቆይ።»

በግራ እጁ ፈረመ። ቀጥሎ እኔ ፈረምኩ። ሽጉጡ ከዋንጫው አጠገብ ተቀመጠ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት፤ መልስ መንገድ

ወደ ጌዶ የሚሄድ መኪና እስኪመጣ ድረስ ሦስቱም መንገድ ዳር አብረውኝ ቆሙ። አዴ ጫልቱ የማንጎ ፌስታል አስያዘችኝ። ቢሮው ውስጥ ካረመኝ በቀር፣ ገለታ ከትናንት ማታ ጀምሮ ለእኔ የተናገረው ከአሥር ቃል አይበልጥም ነበር። መኪናው ሲቆም ቦርሳዬን ራሱ ጫነልኝ።

«ይቅርታው ሲደርስ እደውልልሃለሁ» አለኝ። «አታስቸኩለኝ።»

እሺ አልኩት። ሌንሴ እጇን ሰጠችኝ፤ አልሳመችኝም። ስንሄድ ወደ ኋላ ዞሬ ማየት አልደፈርኩም።

ጌዶ ላይ መኪና ቀየርኩ፤ አምቦ ላይ ሳልወርድ አለፍኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሴት የኩላሊት ሕክምና ሊጀምሩ እየሄዱ ነው፤ እስከ ሆለታ ድረስ ስለ ልጆቻቸው አጫወቱኝ። መስማቱ ጠቀመኝ። አዲስ ዓለም ኬላው ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። አስኮ ስደርስ ጀንበር እየጠለቀች ነበር። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ መድረሴን ልነግራቸው ደወልኩ፤ ቤት ያደረ እንግዳ ሲደርስ አለመደወል ነውር ነው።

ያነሳችው አዴ ጫልቱ ናት። ስደውል የፈራሁትን ያህል ድምፅዋ ቀዝቃዛ አልነበረም፤ ሞቃትም አልነበረም። ገለታን ሰላም በይልኝ ስላት የለም አለችኝ። ከምሳ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሄደ እስካሁን አልተመለሰም። ደንግጬ ታሞ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አልታመመም» አለች። «ያ የክትባት ሥራ አሁንም እንዳለ ሊጠይቃቸው ነው።»

ከእሷ በኩል የዶሮ ድምፅ ይሰማል፣ ከእኔ በኩል የታክሲ ጥሪ።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

ደህና ነበር አልኳት።